ልጅሽ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ አንቺ ጠያቂ አይደለሽም

ያለ ቀኑ ወይም ታሞ የተወለደ ልጅ ሆስፒታል ማሞቂያ ክፍል ሲገባ፣ ብዙ ሰው እናቲቱን እንደ ጠያቂ ነው የሚያያት። ጠያቂ ማለት ብርቱካንና ጁስ ይዞ መጥቶ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ፣ ትንሽ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ነው። ቢመጣ ደስ ይላል፤ ቢቀርም ሕክምናው አይቆምም። እናት ግን እንደዚያ አይደለችም። ልጇ አጠገብ የምትቀመጥበት ሰዓት እንደ መድኃኒቱና እንደ ኦክስጅኑ ሁሉ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ሐኪሞቹ ይህን ያውቁታል። እኔ የምናገረው በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ ነው፤ ይህንንም ለማዳሟ ተርጉማ ልትነግር ለምትችል ሴት። ልጃችን ሆስፒታል ሲተኛ «እባክሽ ማዳም፣ አንድ ሰዓት ልሂድ» እያልን እንለምናለን። በኔ አስተያየት ይህ ልመና መቅረት አለበት፤ በቦታውም የታወቀ ሰዓት መተካት አለበት።

ማሽን የማይሰጠው ነገር

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ያለ ቀኑ የተወለደ ይባላል። ገላው ላይ ስብ ስለሌለ ሙቀቱን መያዝ ይቸግረዋል። ሳንባው ገና ነው። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስማማት ያቅተዋል። ጀርምም ቶሎ ያጠቃዋል። ማሽኑና ነርሶቹ ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። ሁለት ነገር ግን ከማሽን አይገኝም፦ የእናት ወተትና የእናት ገላ።

ከወተቱ እንጀምር። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ጥቂት ጠብታም ብትሆን ዋጋዋ ትልቅ ነው። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆችን ከሚያሰጋው አደገኛ የአንጀት ሕመም የእናት ወተት ይከላከላል። ልጁ መጥባት ባይችል እንኳ ወተቱ ታልቦ በቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። ነገር ግን ጡት ካልታለበ ይደርቃል። ወተቱ እንዲቀጥል በቀንና በሌሊት ስምንት ጊዜ ያህል መታለብ አለበት። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስታጸዳና ስታበስል የምትውል ሴት ስምንቱን ጊዜ ከየት ታመጣዋለች?

ሁለተኛው ገላ ነው። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም ማሞቂያ ሳጥኑ ለልጆቹ ሁሉ አልዳረስ ሲለው፣ ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስቀመጣቸው። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ከዚያ ተነሣ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህን መርምረው በ2005 ጥናታቸውን አሳትመዋል፤ ቶሎ እናታቸው ደረት ላይ የዋሉት ልጆች በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ነበር። በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። እንደተወለዱ ወዲያው የካንጋሮ እንክብካቤ ያገኙት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ የመሞት አደጋቸው በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን አሻሻለ። ያለ ቀኑ ወይም በትንሽ ክብደት የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ደረት ላይ እንዲውል ይመክራል። ስምንቱ ትንሹ ቁጥር ነው።

በእኔ የደረሰው

አል ሙሽሪፍ ውስጥ በአንድ ቪላ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴም እዚያው አቡ ዳቢ የሰው ቤት ሹፌር ነው። ልጃችን በ31 ሳምንቷ ተወለደች፤ 1,400 ግራም ነበረች። ሆስፒታል 38 ቀን ተኛች። እኔ በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስኩ። የተፈቀደልኝ በሁለት ቀን አንዴ፣ ማታ፣ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያም ላይ መንገዱ ይቀነሳል። ወተት የማልበው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነበር። ባለቤቴ የአሠሪዎቹን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ በበረዶ ቦርሳ ይዞላት ይሄዳል። አንድ ቀን አንዲት ነርስ «ሸሚዝህን ክፈት» ብላ ልጅቷን ደረቱ ላይ አስተኛችለት። ለካ አባትም ይችላል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘው ክፍተት ሁሉ እየሄደ ያቅፋት ነበር።

38ቱን ቀን ብደምረው፣ ልጄን ያቀፍኩበት ሰዓት አንድ ሙሉ ቀን አይሞላም። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለልጄ ልብስ ገዝታለታለች ብል ውሸት አይደለም። ግን «ሐኪሞች አሉላት አይደል? አንቺ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኝ ነበር። ችግሩ የክፋት ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። እናት እዚያ ሄዳ ምን እንደምትሠራ አለማወቅ ነው ትልቁ ችግር፤ ሆስፒታልም ለአሠሪ በወረቀት ጽፎ አይነግርም።

ሕጉ የት ላይ ያቆማል?

የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2022 ድንጋጌ ቁጥር 9፣ ማወቅ ያለብሽ ጥሩ ነገር አለው። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከነክፍያው፤ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሰዓት ተከታታይ፤ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፤ በሐኪም ወረቀት ደግሞ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ፣ 15ቱ ከነደሞዙ። ፓስፖርትሽንና መታወቂያሽን መያዝም ያንቺ መብት ነው።

የወሊድ ፈቃድ የሚል ግን እዚያ ውስጥ የለም። ለኩባንያ ሠራተኞች በወጣው በ2021 ድንጋጌ ቁጥር 33 ሴት 60 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት፤ 45ቱ በሙሉ፣ 15ቱ በግማሽ ደሞዝ። ልጇ ታሞ ሁልጊዜ አብሮት የሚሆን ሰው ካስፈለገው ደግሞ 30 ቀን ከነደሞዙ ይጨመርላታል፤ ከፈለገችም ሌላ 30 ቀን ያለ ደሞዝ። ይህ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። አንድ ኮሪደር ላይ ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል እንበል። አንዷ ቢሮ የምትሠራ፣ አንዷ ቤት የምትሠራ። ልጆቻቸው ጎን ለጎን ማሞቂያ ውስጥ ናቸው። አንዷ ቀን አላት፤ ሌላዋ የላትም። የልጆቹ ሳንባ ግን በእናቶቻቸው ኮንትራት አይለይም።

አገራችንም በዚህ የምትኮራ አይደለችም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትም 3 ቀን ይሰጣል። በሰው ቤት የምትሠራዋ ሴት ግን ከዚህም አዋጅ ውጭ ናት። ይህ ጉዳይ የአንድ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ በወሊድ ጊዜ ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ ጥበቃ እንዳይኖራት ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 መመሪያም የወላጅ ፈቃድ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆችን ወላጆች ልዩ ችግር እንዲያይ ይጠይቃል። ሁለቱ መንግሥታት ስለ እኛ ሲፈራረሙ ይህን አንድ መስመር ኮንትራታችን ውስጥ ቢያስገቡ ምን ይጎድልባቸዋል?

አሠሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ

«ለቪዛ ከፍያለሁ፤ እኔም ልጆች አሉኝ፤ ሥራውን ማን ይሥራ?» ይባላል። ጥያቄው ባዶ አይደለም። ግን ማሞቂያ ክፍል መጨረሻ አለው፤ ሳምንታት ነው፣ አንዳንዴ ወራት። የምጠይቀውም የሚቻል ነው፦ ልጁ እስኪወጣ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት፣ በየሦስት ሰዓቱ ወተት ለማለብ ሃያ ደቂቃና ንጹሕ ቦታ፣ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ጥግ። ይህ መመሪያው ከሚለው ስምንት ሰዓት ግማሹ ነው። ልቧ ሆስፒታል የቀረ፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት ሴት እሳትና ካውያ ላይ ቆማ ብትውል ለቤቱም ለሷም ደግ አይሆንም።

እኛስ?

በእኛም ዘንድ የሚታረም አለ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። ያጽናናል፤ ግን አንዳንዴ እናቲቱን «ተዪው፣ አትልመጂው፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉ» ለማለት እናውለዋለን። 1,400 ግራም ልጅ ዕድሉ በከፊል የእናቱ ደረት ነው።

አገር ቤት ብትወልድ ገንፎ የሚያገነፋ፣ አጥሚት የሚያፈላ፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው አይጠፋም ነበር። እዚህ አራስ ቤት የለም። ስለዚህ ጓደኛሽ ልጇ ማሞቂያ ከገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለሽ ብቻ አትለፊ። በዕረፍት ቀንሽ ምግብ ሠርተሽ ውሰጂላት። ወተቱን የሚያደርስ ሹፌር ፈልጊላት። አረብኛሽ ጥሩ ከሆነ ለማዳሟ ደውለሽ አስረጂላት። ክርስትናው በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ፣ አቂቃው በሰባተኛው ቀን አልደረሰም ብላ ብትጨነቅ አጽናኛት፤ ልጅቱ ትውጣ እንጂ ድግሱ ይደርሳል። ቀን ከሌት የምታለቅስ፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ልጇን ማየት የፈራች ከሆነ ደግሞ ለነርሷ እንድትናገር አግዣት። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል።

ፈርታ የምትጠፋው እህት

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ትዳር በወረቀት የሌላት እህት ፖሊስ ይመጣብኛል ብላ ልጇን ማሞቂያ ውስጥ ትታ ከሆስፒታል ትጠፋለች። ሕጉ ግን ተለውጧል። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ፣ ከጋብቻ ውጭ በስምምነት የተደረገ ግንኙነት የሚያስከስሰው ባል ወይም አሳዳጊ ሲያመለክት ነው። ልጅ ከተወለደ ደግሞ ወላጆቹ መጋባት፣ ወይም አብረው ወይም አንዳቸው ልጁን አምነው መቀበልና ወረቀቱን ማውጣት አለባቸው። ክስ የሚያመጣው ይህን አለማድረግ ነው። ስለዚህ መጥፋት አያድንም፤ ልጁን መቀበልና ወረቀቱን መጀመር ነው የሚያድነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለብሽ ምንም ሳትፈርሚ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛና ጠበቃ አማክሪ፤ ኤምባሲም ጠይቂ።

ነገ ሆስፒታል ስትሄጂ

— «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በይ። ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ።

— ልጁ መች ደረትሽ ላይ መዋል እንደሚችል ነርሷን ጠይቂ። «ገና ነው» ካለችሽ በማግስቱም ጠይቂ። አባቱም እንዲያቅፈው ጠይቂ።

— ወተት ማለቢያ ማሽን መዋስ ይቻል እንደሆነ፣ የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቂ። ጠርሙሱ ላይ ቀንና ሰዓት ጻፊ።

— ሐኪሙ ለአሠሪሽ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፦ የእናቲቱ መገኘት የሕክምናው ክፍል ነው፣ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ያስፈልጋል የሚል። ላንቺም ጤና የሕመም ፈቃድ ወረቀት ጠይቂ።

— አቡ ዳቢ ውስጥ የጤና መድኅን ማስገባት የአሠሪ ግዴታ ነው። መድኅኑ ልጁን ከምን እስከ ምን ድረስ እንደሚሸፍን በመጀመሪያው ሳምንት አጣሪ።

— የልደት ወረቀቱን አታዘግዪ። ለልጁ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ጊዜ ከልደቱ ጀምሮ 120 ቀን ነው፤ ማሞቂያ ውስጥ ያለፈውም ቀን ይቆጠራል።

— ደም በብዛት ከፈሰሰሽ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ አንቺም ታማሚ ነሽ፤ ወዲያው ተናገሪ። አምቡላንስ 998 ነው።

— ዕረፍትሽ ከተከለከለ ወይም ደሞዝሽ ከተያዘ የሠራተኛ ሚኒስቴሩን በ80084 ወይም በ600590000 ደውይ።

ደብዳቤውን ይዘሽ ማዳም ፊት ስትቆሚ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። የምትጠይቂው ውለታ አይደለም። ሐኪም ለልጅሽ ያዘዘውን ሕክምና ልታደርሺ ነው።