ሹም ሽሩና መዝገቡ

ዋይት ሐውስ ባለቤት በለወጠ ቁጥር አንድ ነባር ክርክር ያገረሻል፤ ይኸውም አዲሱ ፕሬዚዳንት በቀድሞው የተሾሙትን ዐቃብያነ ሕግ ማሰናበታቸው ተገቢ ነው ወይስ ፍትሕን ለፖለቲካ ማስገዛት? ተቃዋሚው «ፍትሕ ተረገጠ» ሲል ደጋፊው «ያለፉትስ ያደረጉት ይህንኑ አይደለም?» ብሎ ይመልሳል። በእኔ እምነት ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ስተውታል።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ 93 የፌዴራል ዋና ዐቃብያነ ሕግ የሥራ መደቦች አሉ። ፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ የሥራ ዘመኑ 4 ዓመት ቢሆንም ፕሬዚዳንቱ በማናቸውም ጊዜ ሊሽሩ ይችላሉ። ስለሆነም በ1993 የክሊንተን አስተዳደር የነባሮቹን መልቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ፣ በ2017 የትራምፕ አስተዳደር የቀሩትን 46 ሹማምንት ልቀቁ ሲል፣ በ2021 የባይደን አስተዳደር አብዛኞቹን ሲያሰናብት የተጣሰ ሕግ አልነበረም።

በ1993ቱ ሹም ሽር ወቅት የዋሽንግተኑ ዐቃቤ ሕግ ጄይ ስቲቨንስ የኃያሉን ዴሞክራት የዳን ሮስተንካውስኪን ጉዳይ ይመረምሩ ነበር። መዝገቡ ይዳፈናል ተብሎም ተፈራ። ነገር ግን በክሊንተን የተሾሙት ኤሪክ ሆልደር በ1994 ክሱን መሠረቱ፤ ተከሳሹም በ1996 ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ሹሙ ተሻረ፤ መዝገቡ ግን አልተሻረም።

በዲሴምበር 2006 የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። የቡሽ አስተዳደር ራሱ ከሾማቸው ዐቃብያነ ሕግ መካከል ሰባቱን መርጦ በአንድ ቀን ልቀቁ አላቸው። ከእነርሱ አንዱ የኒው ሜክሲኮው ዴቪድ ኢግሌሲያስ ነበሩ፤ ከምርጫው በፊት የገዛ ፓርቲያቸው ሴናተር ፒት ዶሜኒቺ ስልክ ደውለው ዴሞክራቶችን ስለሚመለከት የሙስና ምርመራ ጠይቀዋቸዋል። ፍትሕ ሚኒስትሩ አልቤርቶ ጎንዛሌስም በውዝግቡ መካከል በ2007 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የመሻር ሥልጣኑ ያው የ1993ቱ ነው፤ የተለየው ምክንያቱ ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የኒውዮርክ ጊዜያዊ ዐቃቤ ሕግ ዳንኤል ሳሱን፣ በከተማዋ ከንቲባ በኤሪክ አዳምስ ላይ የተመሠረተው ክስ እንዲነሣ ሲታዘዙ ሥራቸውን ለቀቁ። ያስቀመጣቸው ያው አዲሱ አስተዳደር ነበር። እንግዲህ አደጋው ሹሙ ከማን ወገን መጣ በሚለው ብቻ እንደማይለካ ልብ ይሏል።

አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት የሹሙን ጉዳት አስበው ነው። ለተማሪዎቼ የምላቸው ግን የመዝገቡን ጉዳት እንዲያስቡ ነው። የሹም ሽር ዜና ስትሰሙ «ማን ተነሣ?» ከማለት በፊት «በእጁ የነበረው ምርመራ ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአዲስ አስተዳደር መባቻ ሁሉም በአንድ ሲነሡ ለጥርጣሬ ያለው ቀዳዳ ይጠብባል፤ አንዱ ተነጥሎ ሲነሣ ግን ምክንያቱን በይፋ የማስረዳት ግዴታው የሻሪው ነው። ይህን ማስረዳት ያልቻለ መንግሥት ሕግን ሳይጥስ ፍትሕን ሊጥስ ይችላል።