ደራሲው ራሱ ሻጭ የሆነበት ገበያ

የንግድ ነገር ሲነሣ ቡናና የቅባት እህል፣ ቆዳና ሌጦ፣ ጨርቃ ጨርቅና የመኪና መለዋወጫ ይወሳሉ እንጂ ስለ ትንንሽ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች የሚናገር ነጋዴ እምብዛም አይገኝም። ምናልባት ነገሩ እንደ ልጆች ጨዋታ ስለሚቈጠር ይሆናል። ይሁን እንጂ በጃፓንና በአሜሪካ ታሪኩን ራሱ ጽፎ፣ ሥዕሉን ራሱ ሥሎ፣ በማተሚያ ቤት ያሳተመ ወይም በፎቶ ኮፒ ያባዛ ሰው አንድ ጠረጴዛ ተከራይቶ፣ መጽሔቱን ደርድሮ፣ ገንዘቡን በእጁ እየተቀበለ የሚሸጥበት ገበያ ካለ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ይህ ገበያ በአምራቹና በባለሱቁ መካከል ያለውን አሮጌ ጥያቄ፣ ይኸውም ዕቃው ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ የሚለውን፣ ከብዙ ትላልቅ ንግዶች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ዚን» የሚባለው አንድ ሰው ወይም ጥቂት ወዳጆች ከትርፍ ይልቅ ለሥራው ባላቸው ፍቅር ተነሣሥተው በትንሽ ቍጥር የሚያዘጋጁት መጽሔት ነው። ቃሉ የተቈረጠው «ፋንዚን» ከሚለው ሲሆን፣ ይህንንም ስም በ1940 ያወጡት የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ጃፓኖች ይህን የመሰለውን መጽሔት «ዶጂንሺ» ይሉታል፤ አንድ አሳብ ያላቸው ሰዎች መጽሔት ማለት ነው። በጃፓን ወጣት ደራስያን ማኅበር አቋቁመው «ጋራኩታ ቡንኮ» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት የጀመሩት በ1885 ስለሆነ፣ ልማዱ ዛሬ ከምናውቀው የሥዕል ታሪክ ይቀድማል።

ከዚህ ዐይነት ገበያዎች ሁሉ የታወቀው በቶኪዮ የሚደረገው «ኮሚክ ማርኬት» ወይም በአጭር አጠራሩ «ኮሚኬ» ነው። በዲሴምበር 21 ቀን 1975 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ጠረጴዛ የያዙት 32 ቡድኖች፣ የመጣውም ሕዝብ 700 ያህል ነበረ። በ2019 በጋ በአራት ቀን ውስጥ የጐበኘው ሕዝብ ቍጥር ግን 730,000 ደርሷል። ከ1996 ጀምሮ ጉባኤው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረገው «ቶኪዮ ቢግ ሳይት» በሚባለው ታላቅ የትርኢት አዳራሽ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩትና ለረጅም ዘመን የመሩት ዮሺሂሮ ዮኔዛዋ በ2006 ዐርፈዋል፤ የሰበሰቧቸውም መጻሕፍትና መጽሔቶች ዛሬ በሜጂ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው በተሰየመ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ይህን ያህል ሊስፋፋ የቻለው በምን ምክንያት ነው ቢባል፣ ማስታወቂያው ስለ በዛለት ሳይሆን ደንቡ ለትንሹ ሰው ስለሚመች ነው ብለን እናምናለን። አንድ ቡድን የሚይዘው ቦታ የአንድ ጠረጴዛ እኩሌታ ብቻ ነው። በዚያ ስፋት ላይ ሦስት አራት ዐይነት መጽሔት ተደርድሮ፣ የገንዘብ ሣጥን ተቀምጦ፣ ከበስተኋላ ሁለት ወንበር ይገባል። ቦታው ስለሚያንስ ኪራዩ ያንሳል፤ ኪራዩ ስለሚያንስ ሃምሳ ቅጂ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪም ሊከፍለው ይችላል። አመልካቹ ከቦታው ሲበዛ ዕጣ ይጣላል። አስተናጋጆቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። በጉባኤውም ደንብ ሻጩም፣ ገዢውም፣ አስተናጋጁም ተሳታፊ ይባላል እንጂ «ደንበኛ» የሚባል የለም። ይህ አጠራር ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰልፍ ጠብቆ የሚቆመው ሕዝብ ያለ ብዙ ዘበኛ ሥርዓት የሚያከብረው ገበያውን እንደ ራሱ ስለሚቈጥረው ነው።

የማተሚያ ቤቶቹም ሥራ እንዲሁ ሊታይ የሚገባው ነው። ጉባኤው በሚቃረብበት ወራት የጃፓን አታሚዎች ሥራውን ቀደም አድርጎ ለሚያስረክብ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ቀኑ በተቃረበ መጠን ዋጋው ይጨምራል። የታተመውንም መጽሔት በጉባኤው ዕለት ጧት በቀጥታ ወደ አዳራሹ ይልኩታል፤ ደራሲው ሲደርስ ካርቶኑ በጠረጴዛው አጠገብ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መጋዘን የለ፣ ደላላ የለ፣ ከቤት ወደ አዳራሽ የሚከፈል የጭነት ዋጋ የለ። እያንዳንዱ ቡድን ከሚሸጠው መጽሔት አንድ ቅጂ ለአዘጋጆቹ ያስረክባል፤ ይህም ለቍጥጥር ይጠቅማል፣ ኋላም ለታሪክ ይቀመጣል። ዋጋውም የመልስ ጣጣ እንዳያመጣ በ100 ወይም በ500 የን ሳንቲም እንዲጠጋጋ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ሳንጠቅስ የማናልፈው ነገር አለ። በኮሚኬ ከሚሸጡት መጽሔቶች ብዙዎቹ የሌላ ደራሲ ከሆኑ የታወቁ ታሪኮች ባለታሪኮችን እየወሰዱ የተሠሩ ናቸው። የጃፓን አሳታሚዎች በአብዛኛው አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ይህ የእነርሱ ልማድ ነው፤ በሌላ አገር ያለ ነጋዴ ይህን አብነት አድርጎ በሰው ሥራ ቢነግድ ግን ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፣ አንድ ወረቀት ከመካከሉ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል። ስለዚህ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ 8፣ 12፣ 16፣ 20 እያለ በአራት በአራት ያድጋል፤ 17 ገጽ የሣለ ሰው የ20 ገጽ ዋጋ ይከፍላል። በፎቶ ኮፒ ቢባዛ ዐሥሩም ቅጂ መቶውም ቅጂ በነፍስ ወከፍ ዋጋው ያው ነው ለማለት ይቻላል። በኦፍሴት ሲታተም ግን የመጀመሪያው ቅጂ የፕሌቱንና የዝግጅቱን ወጪ ሁሉ ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ ቍጥሩ በበዛ መጠን የአንዱ ዋጋ እየወረደ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ጃፓኖች የሠሩት «ሪዞግራፍ» የሚባል የማባዣ መኪና አለ፤ የድሮውን የስቴንስል መኪና ይመስላል፣ ቀለሙን አንድ በአንድ እየደራረበ ያትማል፣ በትንንሽ መጽሔት ሠሪዎችም ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። ጀማሪውን የሚያታልለው ኦፍሴቱ ነው። መቶ ቅጂ ብቻ የሚሸጥለት ሰው የአንዱ ዋጋ ረከሰ ብሎ አንድ ሺህ ያሳትማል፤ ዘጠኝ መቶው ከአልጋ ሥር ይቀራል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቍጥሩ ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ነው። አንድ ሰው 200 ቅጂ በ300 ዶላር ቢያሳትም፣ ለጠረጴዛ 150፣ ለአውቶቡስና ለማደሪያ 200 ዶላር ቢያወጣ ጠቅላላ ወጪው 650 ዶላር ይሆናል። አንዱን ቅጂ በ5 ዶላር ቢሸጥ ወጪውን ለመሸፈን 130 ቅጂ መሸጥ አለበት። 90 ቢሸጥ 200 ዶላር ይጐድለዋል፤ 110 ቅጂም ይዞ ይመለሳል። አሁን ጠረጴዛውንና ማደሪያውን ከአንድ ወዳጁ ጋር እኩል ቢካፈል፣ ከወጪው በትንሹ ሰባ አምስት ዶላር ይቀንሳል። የሚጐዳው ከማተሚያው ዋጋ ይልቅ የጠረጴዛውና የመንገዱ ወጪ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በአዳራሽ ኪራይ የሚያተርፉ የጉባኤ አዘጋጆች ይህን ሒሳብ ቢያውቁት መልካም ነበር፤ የጠረጴዛው ዋጋ ሲወደድ መጀመሪያ የሚጠፉት ሕዝቡ ሊያያቸው የመጣው አዳዲሶቹ ናቸውና።

የአሜሪካው ታሪክ ደግሞ ባለሱቆችን ይበልጥ ይመለከታል። በቀድሞው ዘመን የሥዕል ታሪክ መጽሔት በጋዜጣ መሸጫ ይሸጥ ነበር፤ ያልተሸጠው ለአሳታሚው ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜም ለማስረጃ ሽፋኑ ብቻ ተቀዶ ይላካል። ፊል ሱሊንግ የተባለው ነጋዴ ከ1972 ወዲህ ባሉት ዓመታት ሌላ መንገድ አመጣ፤ ይኸውም ዕቃው የማይመለስ ሆኖ በለውጡ ቅናሹ ከፍ እንዲል ነው። በዚህ ስምምነት የተነሣ የሥዕል ታሪክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች በዙ፤ ትንንሽ አሳታሚዎችም ከእነርሱ ትእዛዝ እየተቀበሉ የሚያሳትሙትን ያህል ብቻ ለማሳተም ቻሉ።

በሜይ 1984 ኬቪን ኢስትማንና ፒተር ላይርድ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከግብር በተመለሰላቸውና ከዘመድ በተበደሩት ገንዘብ ሦስት ሺህ ያህል ቅጂ በጥቁርና ነጭ አሳትመው በኒው ሃምፕሺር ግዛት በተደረገ አነስተኛ ጉባኤ ለሽያጭ አቀረቡ። መጽሔቱ ኋላ በዓለም ሁሉ የታወቁት የ«ኒንጃ ኤሊዎች» የመጀመሪያ ቍጥር ነበር። ወዲያው ስላለቀ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መታተም አስፈለገው። ይህን ያዩ ብዙዎች ጥቁርና ነጭ መጽሔት ሁሉ ወርቅ ይሆናል ብለው ተነሡ። ባለሱቆች ነገ ይወደዳል በሚል ተስፋ መጽሔት በብዛት ገዝተው አከማቹ። በ1987 ገበያው ሲወድቅ ዕቃው የማይመለስ ስለነበረ ኪሳራው በሱቆቹ ላይ ወደቀ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ባለሱቅ፣ «እንግዲያውስ በአደራ ልቀበልና ሲሸጥ ልክፈል» ይላል። በአሁኑ ጊዜ አንድ ወጣት ሠላሳ ቅጂ ይዞ ወደ መጻሕፍት ሱቅ ቢገባ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከዋጋውም አርባ በመቶው ወይም እኩሌታው ለሱቁ ይሆናል። ለባለሱቁ ያለ ሥጋት የሚሠራ ንግድ ይመስላል። እኛ ግን ለሁለቱም አይበጅም እንላለን። ባለሱቁ ገንዘብ ያላወጣበትን ዕቃ ከታች መደርደሪያ ይጥለዋል፤ አይመዘግበውም፣ ለገዢም አያሳየውም። ሠሪው በሌላ ከተማ ያለ እንደ ሆነ ስለ ጥቂት ዶላር ሲል ስልክ እየደወለ አይዘልቅም። ሱቁ ቢዘጋማ ዕቃው የማን እንደ ሆነ ያከራክራል። ይህ መላምት አይደለም። በአሜሪካ የሥዕል ታሪክ አከፋፋዮች ሁሉ ትልቁ የነበረው ዳይመንድ በጃንዋሪ 2025 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ገባ፤ በዚያው ዓመት አሳታሚዎች በአደራ ያስቀመጡት ዕቃ ተሸጦ ለአበዳሪ እንዲከፈል ተጠየቀ፤ አሳታሚዎቹም ዕቃው የእኛ ነው ብለው ተቃወሙ። በመጋዘኑ ብዙ ዕቃ የነበራቸው ትንንሽ አሳታሚዎች ጠበቃ መያዝ ግድ ሆነባቸው።

የእኛ አስተያየት ባለሱቁ ጥቂት ገዝቶ ዋጋውን በእጁ ይክፈል የሚል ነው። ሠላሳ በአደራ ከሚቀበል አምስት ቅጂ በአርባ በመቶ ቅናሽ በጥሬ ገንዘብ ይግዛ። አምስቱ ባይሸጡ ጉዳቱ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው፤ ቢሸጡ ዐሥር ያዝዛል። በ1987 ሱቆችን ያዘጋው በጥሬ ገንዘብ መግዛታቸው ሳይሆን ላላነበቡት ዕቃ በመቶ የሚቈጠር ትእዛዝ መስጠታቸው ነው። ባለሱቁ በጉባኤው ዕለት ወደ አዳራሹ ሄዶ ጠረጴዛዎቹን ቢዞር፣ የትኛው ጠረጴዛ ሰው እንደ ከበበው በዐይኑ ያያል፤ ከዚህ የተሻለ የገበያ ጥናት በገንዘብ አይገኝም።

ይህን የመሰለ ጉባኤ ለብዙ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። ከ1994 ጀምሮ በሜሪላንድ ግዛት በቤተዝዳ የሚደረገው «ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ» ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበትና ከሚነግዱበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል ቢርቅ ነው። ጉባኤው በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት ጡብ ነው፤ በአሮጌ የጋዜጣ ሥዕል ታሪክ ውስጥ ጡብ በምትወረውር አይጥ ስም ተሰይሟል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ከ2011 ጀምሮ በዚያ የሚሸጡትን ትንንሽ መጽሔቶች እየመረጠ ያስቀምጣል። በዚያ አካባቢ ከበርበሬና ከቡና ጋር የአማርኛ መጻሕፍት የሚሸጡ ባለሱቆች አንድ ቅዳሜ ወደዚያ ጐራ ቢሉ ምን ይጐዳቸዋል?

በአገራችንም መነሻው አለ። በ2018 «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያ ጀግና የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። መጻሕፍት በክንዳቸው ደርድረው በየቡና ቤቱ የሚያዞሩ ወጣቶች በጥሬ ገንዘብ የመሸጥን ጥበብ ከማንም አይማሩም። ችግሩ ወረቀቱና ቦታው ነው። የማተሚያ ወረቀት በብዛት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ አስመጪው በጅምላ ለትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ሲሸጥ ሃምሳ ቅጂ የሚያባዛው ሰው ለሽፋን የሚሆን ጠንከር ያለ ወረቀት በትንሽ በትንሹ የሚገዛበት አያገኝም። ይህን በችርቻሮ የሚያቀርብ አስመጪ ትርፉ በአንድ ጊዜ የሚታይ ባይሆንም ደንበኛው ከእርሱ አይርቅም።

ስለ ቦታውም፣ በበዓላት ዋዜማ የሚደረጉት ባዛሮች መደባቸውን የሚያከራዩት ለብዙ ቀን በአንድነት ነው፤ ይህም ዋጋ ልብስና የቤት ዕቃ ለሚሸጥ እንጂ ሃምሳ መጽሔት ለያዘ ሰው አይሆንም። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው ባዛር አንድ ረድፍ ግማሽ ጠረጴዛ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለሁሉም በእኩል ዋጋ፣ አመልካች ቢበዛም በዕጣ እየሰጡ ይሞክሩት። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛውም ከመሥሪያ ቤት ነፃ የሚሆንበት ነውና።