የምርግ አፈር ይመረጥ
ክረምቱ ሲወጣ በመልካሳ ሰፈራችን ምርግ ይጀመራል። ታዲያ አፈሩ የሚቆፈረው ቅርብ ከተገኘበት ሁሉ ነው፤ ይህ አላማረንም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የፈሰሰው ጉልበትና የተገዛው ጭድ አብሮ ይረግፋል። አሸዋ የበዛበትም አይጣበቅም።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ትንሽ አቡክቶ፣ አድቦልቡሎ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ከተሰነጠቀ አሸዋ ይጨመርበት፤ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሸክላነት ያንሰዋል ማለት ነው። በጠርሙስ ውሃ በጥብጦ ማሳደርም ይቻላል፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይዘቅጣል። ከጤፍ ጭድ ጋር ለቀናት ማቡካቱንማ እናቶቻችን ያውቁበታል፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

አጥብቀን የምናሳስበው ግን፣ አፈር ያወጣችሁበትን ጉድጓድ ሳትደፍኑ አትሂዱ። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ልጆችም ይገቡበታል።