በአንድ ስህተት የሚፈረድበት ተጫዋች

በጃንዋሪ 2019 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበረዶ ሆኪው ቡድን ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ በገዛ ሜዳው በኮሎራዶ አቫላንሽ 6 ለ 3 ተሸነፈ። በዚያ ምሽት ተከላካዩ ጄክ ጋርዲነር ፓኩን (በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) በነካ ቁጥር ከመቀመጫው የተቃውሞ ጩኸት ይነሳ ነበር። የጮኸው የእንግዳው ቡድን ደጋፊ አልነበረም። የሊፍስን ማሊያ የለበሰ፣ ለመግቢያ ውድ ዋጋ የከፈለ የራሱ ሰው ነው።

ቂሙ ግን የቆየ ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 2018 ሊፍስ ከቦስተን ብሩይንስ ጋር ሰባተኛውንና ወሳኙን የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ጨዋታ ሲያደርግ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ 4 ለ 3 ይመራ ነበር። በሦስተኛው ቦስተን አራት ግብ አስቆጥሮ 7 ለ 4 አሸነፈ። ከአራቱ አንዷን ጄክ ደብረስክ ጋርዲነርን በጎኑ አልፎት ሄዶ ነው ያገባት። ጨዋታው ሲያበቃ በጋርዲነር ስም ትይዩ «ከዜሮ በታች 5» ተጻፈ። ይኸው ሰው በዚያው የውድድር ዘመን 5 ግብ አግብቶ፣ 47 አመቻችቶ፣ በሙያ ዘመኑ ከፍተኛ የሆነውን 52 ነጥብ መሰብሰቡን የሚያስታውስ ግን አልነበረም።

እኔ የሆኪ ደጋፊ ነኝ። ሆኪን የምወደውም፣ ስለ ተጫዋች የምንሰጠው ፍርድ የሚያሳስበኝም በእኩል ደረጃ ነው። ደጋፊ ገንዘቡን ከፍሎ ገብቷልና መናገር መብቱ ነው። ነገር ግን በአደባባይ ስለ ሰው የሚፈርድ ሁሉ ፍርዱ በምን ላይ እንደቆመ የመመርመር ግዴታም አለበት። ባለፉት ሃያ ዓመታት ወደ ሆኪ የገባው አዲሱ የስታቲስቲክስ ትንታኔ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህንን ግዴታ ማስታወሱ ነው።

በመጀመሪያ ያቺን «ከዜሮ በታች 5» እንመርምራት። በእንግሊዝኛ ፕላስ ማይነስ የምትባለውን ይህችን መለኪያ የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ በይፋ የሚመዘግባት ከ1967-68 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው። ሁለቱም ቡድኖች በእኩል የተጫዋች ቁጥር እየተጫወቱ ቡድንህ ሲያገባ በረዶው ላይ ከነበርክ አንድ ይደመርልሃል፤ ሲገባበት ከነበርክ አንድ ይቀነስብሃል። ግቡ የገባው በአንተ ጥፋት ይሁን፣ በግብ ጠባቂው፣ ወይም ፓኩ የሌላውን ተጫዋች ጫማ ነክቶ አቅጣጫ ቀይሮ፣ መዝገቡ አይጠይቅም። ቡድኑ እየተመራ ግብ ጠባቂውን አውጥቶ ተጨማሪ አጥቂ ካስገባ በኋላ ባዶው መረብ ውስጥ የገባችውም ትቆጠራለች። ቦቢ ኦር በ1970-71 ያስመዘገበው ከዜሮ በላይ 124 እስካሁን አልተሰበረም፤ እንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር በእርግጥ ስለ ተጫዋቹ የሚናገረው አለ። የአንድ ምሽት አምስት ግን ስለ ሰውየው ችሎታ የምትነግረን በጣም ጥቂት ነው።

ምክንያቱ የጨዋታው ጠባይ ነው። በሆኪ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ሠላሳ ገደማ ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ ያደርጋል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ግብነት የሚለወጠው ሦስት ያህሉ ነው። አንድ ተጫዋች በረዶው ላይ የሚቆየው በየተራው አንድ ደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ገብቶ፣ ሮጦ፣ ተቀይሮ ይወጣል። ግብ እንዲህ ብርቅ በሆነበት ጨዋታ በጣት የሚቆጠሩ ግቦችን ይዞ ሰውን መመዘን ዕድልን ከችሎታ ጋር ማደባለቅ ነው። ስለዚህ የተሻለ ፍርድ ለመስጠት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ነገር መቁጠር ያስፈልግ ነበር።

ያ የሚቆጠር ነገር ሙከራ ሆነ። የቡፋሎ ሴበርስ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ የነበረው ጂም ኮርሲ፣ በግብ ጠባቂው ላይ የሚደርሰውን ድካም ለማወቅ ወደ ግቡ የተላከውን ሁሉ ይቆጥር ነበር፤ የገባውን፣ የዳነውን፣ ወደ ውጭ የወጣውንና ተከላካይ በአካሉ ያገደውን። በ2000ዎቹ አጋማሽ ቲም ባርንስ የተባለ የኤድመንተን ኦይለርስ ደጋፊ ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ የቡድንና የተጫዋች መለኪያ አደረገው፤ ስሙንም «ኮርሲ» አለው። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ይህ ነው። ቆጠራውን መለኪያ ያደረገው ከክለብ ጽሕፈት ቤት ውጭ ያለ፣ ነገሩን ከመውደዱ የተነሳ ቁጭ ብሎ የቆጠረ ደጋፊ ነበር።

ቁጥሩ ዓይናችን ያላየውን እንደሚያይ ቶሮንቶ ራሷ ምስክር ናት። ሊፍስ በ2013 ፕሌይኦፍ ሲገባ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና ከተማው በደስታ ሰከረ። በቀጣዩ የውድድር ዘመንም ቡድኑ ነጥብ እየሰበሰበ ሄደ። ሙከራ የሚቆጥሩት ሰዎች ግን «ይህ ቡድን በየጨዋታው ከሚሞክረው የሚሞከርበት እጅግ ይበልጣል፤ እስካሁን ያቆመው ግብ ጠባቂውና ዕድሉ ነው፤ አይዘልቅም» ይሉ ነበር። ብዙዎች ጨዋታውን ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች ወሬ ነው ብለው ናቁት። ከመጨረሻዎቹ 14 ጨዋታዎች ሊፍስ 12ቱን ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ሆነ። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ አቫላንሽ ተመሳሳይ ድክመት እያለበት 112 ነጥብ ሰብስቦ ምድቡን መራ፤ በመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ዙር በሚኒሶታ ተሰናበተ፤ በቀጣዩ ዓመት በ90 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆነ። በ2014 ክረምት ሊፍስ ካይል ዱባስን ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾመ፤ ሌሎች ክለቦችም ቁጥር አዋቂዎችን መቅጠር ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 2015 ሊጉ ራሱ የሙከራ ቆጠራን በይፋዊ ገጹ ላይ አወጣ።

ዓይናችን ለምን እንደሚሳሳት ለማወቅ አንድ ተራ ቅጽበት በቅርብ እንመልከት። ፓኩ ከተከላካዩ ግብ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር ተንከባልሎ ሄዷል። ተከላካዩ ወደ እሱ እየሮጠ በግራ ትከሻው በኩል አንዴ ወደኋላ ይገላመጣል፤ የተቃራኒው አጥቂ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ እየመጣበት ነው። ተከላካዩ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስሎ ትከሻውን ያዘነብላል፤ አጥቂው ይከተለዋል። በዚያች አፍታ ተከላካዩ በዱላው ጀርባ አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ ፓኩን ወደ ግራ ለጓደኛው ይልካል፤ አጥቂው እሱን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጨው ቡድኑ ከክልሉ ወጥቷል። ጭብጨባ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ደግሞ አያሳየውም። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይሠራል። አንድ ጊዜ ሲስትና ግብ ሲሆን ግን ከአራት አቅጣጫ ተደጋግሞ ይታያል። ትዝታችን የሚሞላው በዚያ በተደጋገመው ነው። የሙከራ ቆጠራ ሁለቱንም በየተራቸው ይመዘግባል፤ በጋርዲነር ላይ ከሚጮኸው ሕዝብ ይልቅ ቁጥር ቆጣሪዎቹ የተከላከሉለትም ለዚህ ነው።

ይህን ስል ግን ቁጥር ይፍረድ ማለቴ አይደለም። ቁጥርም እንደ ምስክር ነው፤ የት ቆሞ እንዳየ፣ ማን እንዳስቆጠረው ካልተጠየቀ ያሳስታል። ሲመራ ወደኋላ የሚያፈገፍግ ቡድን ብዙ ይሞከርበታል፤ እየተመራ ያለው ደግሞ ሙከራው ይበዛል። አሠልጣኙ ሁልጊዜ ከተቃራኒው ምርጥ አጥቂዎች ፊት የሚያቆመው ተከላካይ ቁጥሩ ይጎዳል፤ ከኮከቦች ጎን የሚጫወት መካከለኛ ችሎታ ያለው ተጫዋች ደግሞ ቁጥሩ ያምርለታል። ተራ ሙከራና አደገኛ ሙከራ እኩል መቆጠራቸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘም፣ ርቀትንና አቅጣጫን የሚያሰላው «የሚጠበቁ ግቦች» የተባለው መለኪያ ተከተለ። ጉሽሚያንና የፓክ መነጠቅን የሚመዘግቡት የየሜዳው ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዱ ሜዳ ጉሽሚያ ያለውን ሌላው ላይቆጥረው ይችላል። በ2023 ሊጉ ለሕዝብ የከፈተው በካሜራና በዳሳሽ ፍጥነትና ርቀት የሚለካው አሠራርም ሰውየው ምን ያህል እንደፈጠነ እንጂ ለምን ወደዚያ እንደሄደ አይናገርም።

ዓይን ብቻውን ሲፈርድ የሚደርሰውን በደል ግን ከፒኬ ሱባን ታሪክ በላይ የሚያሳይልኝ የለም። ሱባን ቶሮንቶ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጃማይካና ከሞንሴራት የመጡ ጥቁር ተከላካይ ነው። በ2013 ለሞንትሪያል ካናዲየንስ እየተጫወተ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚሸለመውን የኖሪስ ዋንጫ ወሰደ። በ2014 ፕሌይኦፍ ቦስተንን በተጨማሪ ሰዓት ባገባት ግብ ሲያሸንፍ በማኅበራዊ ሚዲያ የዘረኝነት ስድብ ወረደበት። በ2015 ለሞንትሪያል የሕፃናት ሆስፒታል 10 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገባ። በፌብሩዋሪ 2016 ኮሎራዶ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፤ ፓኩ ተወሰደና ግብ ሆነ። አሠልጣኙ ከዚያች በኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ጨዋታው በአንድ ሰው ስህተት መጥፋቱንም ለጋዜጠኞች ተናገረ። በዚያው ዓመት ጁን 29 ቀን ክለቡ ሱባንን ለናሽቪል ፕሬዳተርስ ሰጥቶ አራት ዓመት ገደማ የሚበልጠውን ሼይ ዌበርን ወሰደ። የክለቡ የቁጥር አማካሪ ልውውጡን ተቃውሞ ነበር፤ ውሉ አልታደሰለትም።

በቀጣዩ ዓመት ናሽቪል ከነሱባን እስከ ሊጉ ዋንጫ (ስታንሊ ካፕ) ፍጻሜ ደረሰ። በ2021 ደግሞ ሞንትሪያል በአምበሉ ዌበር እየተመራ ፍጻሜ ገባ። ዌበር ከዚያ በኋላ በጉዳት ምክንያት አልተጫወተም፤ ሱባንም በ2022 ጫማውን ሰቀለ። ሁለቱም ወገን «አላልንም ወይ?» ለማለት ማስረጃ አያጣም። እኔ ማን አተረፈ ብዬ አልከራከርም። የሚያሳዝነኝ ሱባን የተመዘነበት ቃል ነው። «ታይታ ይወዳል»፣ «አይረጋም»፣ «ለቡድኑ አይመችም» የሚሉት ቃላት መለኪያ የላቸውም፤ ስለዚህም ማስተባበያ አይገኝላቸውም። ጥቁር ተጫዋች ጥቂት በሆነበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ቃል በማን ላይ ቶሎ እንደሚለጠፍ ለመገመት አያዳግትም። ቁጥር ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተጫዋቹን የቆዳ ቀለም አያውቅም፤ ግብ ካገባ በኋላ እንዴት እንደሚጨፍርም አይመለከትም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቴሌቪዥኑ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ እግር ኳስን ያሳያል፤ የሊፍስ ፕሌይኦፍ ሲደርስ ግን እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ሆኪውን ያስከፍታሉ። ከነሱ አንዳንዶቹ ዱላ ይዘው በረዶው ላይ የሚወጡም ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት በየሰፈሩ የበረዶ ሜዳ ልጁን ሊወስድ የመጣ አባት ሲጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት አገባህ?» ሙሉውን ጨዋታ ከግቡ ጀርባ ፓክ ሲያወጣ የዋለው ልጅ «ምንም» ብሎ አንገቱን ይደፋል። እንዲህ ነው ልጁ የሠራው ሥራ ዋጋ እንደሌለው የሚማረው፤ እንዲህም ነው ነገ የገዛ ቡድኑን ተከላካይ የሚያሸማቅቅ ደጋፊ የሚሆነው።

ስለዚህ ሆኪ ለምትወዱ ሁሉ የምለው አለኝ። ተጫዋች ላይ ከመጮሃችሁ በፊት ያያችሁት ስህተት የዚያ ሰው ልማድ ነው ወይስ የዚያ ምሽት አጋጣሚ ብላችሁ ጠይቁ። ከማን ጋር፣ በማን ላይ፣ ቡድኑ እየመራ ወይስ እየተመራ እንደተጫወተ ተመልከቱ። ቁጥር ይዞ የሚከራከራችሁን ሰው «ተጫውተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ አትዝጉት፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁት። እናንተም ቁጥር የያዛችሁ፣ የዕድሜ ልክ ተመልካች ያየውን በንቀት አትለፉት፤ ያየው ነገር ገና ያልተቆጠረ ሊሆን ይችላል። ወላጆችም ልጃችሁን «ዛሬ ምን ሠራህ?» በሉት፤ ከዚያም ቁጭ ብላችሁ አድምጡት። አንድ ሰው የሠራውን ሁሉ ሳያዩ በአንድ ስህተቱ መፍረድ በሆኪ ሜዳም ይሁን በሥራ ቦታ ግፍ ነው።