ሰማያዊው ቀሚስና የእድራችን ዳኞች

ባለፈው ወር በካኩማ 1 በተደረገው የእድራችን ስብሰባ የሆነውን ያልሰማ አለ ብለን አናምንም። ሆኖም ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተጣመመ ስለ ሄደ እንደ ነበረ እንጽፈዋለን። ልጃቸው ለሕክምና ወደ ሎድዋር የተላከባቸው አንዲት እናት እድሩ ለታመመ ሰው ከሚያወጣው ገንዘብ ለመመላለሻና ለስንቅ የሚሆን 1,500 ሽልንግ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። እኚህ እናት የመጡት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ነበር። ከእድሩ ዳኞች አንዱ ተነሥተው፣ «እትዬ፣ እርስዎማ አምሮብዎታል፤ ለተቸገረው ይተዉለት» አሉ። ተሳቀ። ጥያቄው ሳይመረመር አደረ። ይባስ ብሎ ሌላ አባት «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ከእንግዲህ «በአለባበሱ የተረፈው የሚመስል» አባል ከእድሩ እርዳታ እንዳይጠይቅ ሐሳብ አቀረቡ። በሐሳቡም ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል ተባለ።

እኛ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ከቡና ላይ በሹክሹክታ ሳይሆን በዚህ ገጽ ላይ ነው፤ መልስ ያለው ወገን መልሱን ይጻፍ፣ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ቀሚሱ። ቀሚሱን እናውቀዋለን፤ ሲገዛ ከመካከላችን ሁለታችን አጠገባቸው ነበርን። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ በ100 ሽልንግ ነው የወጣው። ጠርዙ ላይ የማይለቅ የዘይት ነጠብጣብ ነበረበት፣ እጅጌው አንዱ ተቀዷል፣ ከስድስቱ ቁልፎች የነበሩት አራቱ ብቻ ናቸው። እኚህ እናት ሁለቱንም እጅጌ ከክርን በላይ አስቆረጡ፤ የተረፈው ጨርቅ ለልጃቸው የደብተር መያዣ ሆነ። የነጠብጣቡን ቦታ ካለቀ ነጠላ ላይ በተፈታ ጥለት ሸፈኑት። ሁለቱን ቁልፎች ከአሮጌ የወንድ ሸሚዝ ወሰዱ፤ ጠጋ ብሎ ላየ ቀለማቸው እንኳ አይገጥምም። ልብስ ሰፊው የጠየቀው 50 ሽልንግ ነው። ድምሩ 150። ይህ ነው እንግዲህ በስብሰባ ላይ እንደ ወርቅ ካባ ተቆጥሮ የተፈረደበት ልብስ። የእድሩ ዳኛ የለበሱት ጃኬት ስንት እንደ ወጣበት አልጠየቅንም፤ አንጠይቅምም።

አገር ቤት ሰልባጅ የምንለውን እዚህ ኬንያ ሚቱምባ ይሉታል፤ ቃሉ ጥቅሎች ማለት ነው። ጥቅሉ፣ እኛ ቦንዳ የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከባሕር ማዶ ሞምባሳ ወደብ ደርሶ ወደ ናይሮቢው ጊኮምባ ገበያ፣ ከዚያም ወደ የክፍለ ሀገሩ ይበተናል። ቦንዳው በተፈታ ቁጥር መልካም መልካሙ ይለቀማል፤ ኬንያውያን ምርጡን «ካሜራ» ይሉታል። ኪታሌንና ሎድዋርን አልፎ እኛ ዘንድ የሚደርሰው እንግዲህ ሌላው ሰው አገላብጦ የተወው ነው። ዚፑ የተሰበረ፣ ኪሱ የተቀደደ፣ በበረዶ አገር ለበረዶ የተሰፋ ካፖርት። በዚህ ሐሩር ካፖርት ምን ያደርጋል? የሚል ሰው ካለ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ይሂድና ይመልከት። ከአንድ ካፖርት ገበሩ ወጥቶ ሁለት ሰደርያ ይሆናል፣ ገበሩ ደግሞ ለሕፃን መታቀፊያ ይበቃል። ኮሌታው የነተበ ሸሚዝ ኮሌታው ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ሲሰፋ ሌላ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ይህን የግልበጣ ሥራ ከመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ ጀምሮ እናውቀዋለን። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ሁለት ሁለት ሸሚዝ ነበረን፣ ከላይ ነጭ ጋዋን እንደርብ ስለ ነበር ተማሪው የሚያየው ኮሌታችንን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኮሌታችንን እንጠብቅ ነበር።

ደስታውንስ ለምን እንደብቃለን? ክምሩ ላይ ማለዳ አጎንብሶ፣ ክንድን እስከ ትከሻ አስገብቶ፣ በእጅ ብቻ ጥጡን ከናይሎን እየለዩ መፈለግ፤ ከዚያ ድንገት አንድ የሚያምር ቀለም ብቅ ሲል ልብ ትር ማለቱ፤ ፊትን ኮስተር አድርጎ «ይህ አሮጌ ነው፣ 50 ውሰድ» ማለት (ፊት የተፈታ እንደሆነ ዋጋው እንደሚጨምር የማያውቅ የለም)፤ ቤት ወስዶ በዚያች በምትለካ ውሃ አጥቦ ጥላ ላይ ማስጣት፤ ማታ በከሰል ካውያ ተኩሶ ለነገ መስቀል። አቧራው በማግሥቱ ቀትር ላይ መልሶ እንደሚለብሰው እናውቃለን። ቢሆንም እስከ ቀትር ድረስ ያለው ጊዜ የራሳችን ነው። በዚህ ካምፕ መኖሪያ ቦታችንን አልመረጥንም፤ ጎረቤታችንን አልመረጥንም፤ የምንበላውን እህል ዓይነት እንኳ ሌላ ሰው መርጦልናል። ሰማያዊውን ከአረንጓዴው የመረጥነው ግን እኛ ነን።

አሁን ወደ ሐቁ እንምጣ። ዳኞቹን ያስቆጣቸው ቀሚሱ አይመስለንም፤ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የእህል እርዳታው እጅግ ከተቀነሰ በኋላ፣ ቀሪውም እንደ ችግሩ መጠን በአራት ምድብ ተከፍሎ አራተኛው ምድብ ከእህሉ ሲወጣ፣ በየብሎኩ አንድ ወሬ ተነዛ፤ «አምሮበት የታየ አራተኛ ይገባል» የሚል። ልብስ ታይቶ ምድብ እንደ ተሰጠ ማስረጃ ያቀረበልን ሰው እስከ ዛሬ የለም። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቷል። ለተራ የሚለበስ ቡትቶ በየቤቱ ተዘጋጅቷል። ደህና ልብስ ያላት አውልቃ፣ የተቀደደውን ለብሳ ትሰለፋለች። እንግዳ ካሜራ ይዞ መጣ በተባለ ቀን ልጆች በባዶ እግራቸው እንዲወጡ ይደረጋል።

ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ነው፣ የቆጠራ ቀን ጠዋት አባቱ የታጠበ ሸሚዙን አስወልቀው የተቦጫጨቀ አልብሰውት መጣ። ሲገባ ቀስ ብሎ፣ «መምህር፣ ዛሬ ድሃ መሆን አለብን?» አለን። መልስ አልነበረንም። አባቱን አንወቅስም፤ አምስት አፍ የሚጠብቃቸው ሰው ናቸው። ነገር ግን ይህን ከባዕድ ፊት ለፊት በጭንቅ የምናደርገውን ትያትር አሁን የራሳችን እድር ሕግ አድርጎ ሊያወጣው ነው። ባዕዱ እንኳ በጽሑፍ ያላወጣውን ሕግ! ተቸግሮ የመጣ አባል በእድሩ ፊት ቡትቶ ለብሶ ይቅረብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዳኞቻችን አስበውበታልን?

ይህ በሽታ በእኛ አልተጀመረም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲታይ ተማሪዎች «የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው» ብለው ተነሡበት። አጭሩ ቀሚስ የክርክሩ ዋና ጉዳይ ሆነ፤ ተቃውሞውም ከፖሊስ ጋር ግጭት አስከተለ። ጥያቄያቸው ባዶ አልነበረም፤ በተራበ አገር ላይ ቅንጦት የሚሸጠው ማን ነው ብለው ነበርና። ስድቡ ያረፈው ግን ከሻጩ ይልቅ በለበሱት ሴቶች ላይ ነው። በዚያው ዘመን ታንዛኒያ የገዥው ፓርቲ ወጣቶች ማኅበር «ኦፕሬሽን ቪጃና» ብሎ ከጥር 1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጭር ቀሚስን፣ ዊግንና ጠባብ ሱሪን ለመከልከል ዘመተ። ዛየርም ሞቡቱ ሙሉ ልብስና ከረባት ከልክለው ሕዝቡን «አባኮ» በሚባል ኮት አስገቡት፤ ክልከላው የተነሣው በ1990 ነው። ጎረቤቶቻችን ኮንጎዎች እሑድ እሑድ ከረባት አስረው በዚህ አቧራ ውስጥ ሲሄዱ የምንስቀው ይህን ስለማናውቅ ነው። የእነርሱ «ሳፐር» የሚባሉት፣ ፓፓ ዌምባ በዘፋኝነቱ ያስተዋወቃቸው አለባበስ አሳማሪዎች፣ ሙሉ ልብስ በተከለከለበት አገር ሙሉ ልብስ መልበስን እንደ አንድ እምቢታ ቆጥረውት ነበር። ፈላጭ ቆራጩም ተራማጁም፣ የተጣሉት ሁለቱ፣ በሴት ቀሚስና በሰው ከረባት ላይ ሲደርሱ እንዴት እንደሚስማሙ ይገርመናል። አሁን ደግሞ እድራችን ተጨመረ።

ለተረቱ ደግሞ መልስ አለን። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ከልክ ስላለፈ ማጌጥ ነው። እንዲህ ያሉም በመካከላችን አሉ፤ ይህን አንሸሽግም። ሁለት ወር የሚከፈል ዱቤ ገብተው «ኦሪጂናል» ነው የተባለ ጫማ የሚገዙ ወጣቶች፣ ጫማው በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ ሲለቅ እናታቸው ዱቄት እየሸጡ ዕዳ ሲከፍሉ አይተናል። ለእነዚህ ልጆች ተረቱ ይነገር፣ እኛም አብረን እንናገራለን። 150 ሽልንግ ቀሚስ ግን የማንንም ጸጉር አልመለጠም።

አንድ ወንድማችን ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አንሥቷል፤ ሰልባጅ የአገር ፋብሪካና የሸማኔ ጠላት ነው ይላል። እውነት አለው። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት በ2016 እ.ኤ.አ. አሮጌ ልብስን በሦስት ዓመት ውስጥ ከገበያቸው ለማስወጣት ወስነው ነበር። አሜሪካ የቀረጥ ነጻ ዕድላቸውን እንደምታነሣ ስታስፈራራ ኬንያ አፈገፈገች፤ ሩዋንዳ ጸናችና በ2018 ለልብስ ምርቷ የነበራትን ዕድል አጣች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲከብር ማየት እንወዳለን፤ ጥለቱን ከአለቀ ነጠላ ፈትቶ በሰማያዊ ቀሚስ ላይ ማኖርም ሸማኔውን ማክበር ነው ብለን እናምናለን። መንግሥታት ያልተወጡትን ትግል ግን በሎድዋር ልጅ በተኛባቸው እናት ጀርባ ላይ መጫን ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ እጃችንን የምናወጣው ሐሳቡን ለመቃወም ነው። በምትኩ የምናቀርበው አጭር ነው፤ እድሩ የሐኪም ቤቱን ወረቀትና የቤተሰቡን አፍ ቁጥር ይይ፣ ልብስ አይመርምር። የእኚህ እናት ጥያቄም ድምፅ እስኪሰጥ ሳይጠበቅ ይታይ፤ ልጁ ዛሬም ሎድዋር ነው፣ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከእኛ ከመምህራኑ የተዋጣው 600 ሽልንግ የሄደው ለአንድ ምልልስ ብቻ ነው። ቀሪውን ለማዋጣት የሚሻ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ካለው የልብስ ሰፊው ጥላ ሥር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ያገኘናል። የከሰል ካውያውም እዚያው አለ፤ ለስብሰባው የሚለብሰውን መተኮስ የሚፈልግ ከሰሉን ይዞ ይምጣ።