የጉ ዝናብ ታሪክ ከባሕር ጭቃ ውስጥ

ሚያዝያ ሲገባ ጅግጅጋ ዓይኗን ወደ ሰማይ ታነሳለች። የጉ ዝናብ በጊዜው ከጣለ ቢርካው ይሞላል፤ ወተትም ገበያ ላይ ይበዛል። ከቀረ ግን ከቀብሪ በያህ እስከ ሺኒሌ የብዙ ቤት ወጪ ከጀሪካን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 በሰፊው የአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ አንድ ጥያቄ አይቀሬ ነው፦ ይህ እንደ ድሮው መጥቶ የሚሄድ ድርቅ ነው ወይስ የአገሩ ጠባይ እየተለወጠ ነው?

ለዚህ መልስ የሽማግሌ ትዝታ ብቻውን አይበቃም፤ የዝናብ መለኪያም ዕድሜው አጭር ነው። የረጅም ዘመኑ ማስታወሻ የተቀመጠው ብዙ ሸቀጥ በበርበራ ወደብ አድርጎ ቶጎ ውጫሌ ከሚደርስበት ባሕር፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕሩ የላይኛው ውሃ ውስጥ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ይንሳፈፋሉ። ሲሞቱ ወደ ታች ይወርዱና ነፋስ ካመጣው አቧራ ጋር ተደራርበው ደለል ይሆናሉ። ላይኛው ንጣፍ የቅርብ፣ ታችኛው የሩቅ ዘመን ነው። ተመራማሪዎች ረጅም ቧንቧ ወደ ደለሉ ሰድደው ንጣፉ ሳይረበሽ ያወጡታል።

ሙቀቱ እንዴት ይነበባል? ጠዋት ቅቤው ደንድኖ ካገኙት፣ ቴርሞሜትር ባያዩም ሌሊቱ እንደበረደ ያውቃሉ። የባሕሩም ምስክር እንዲሁ ቅባት ነው። አንዳንድ አልጌዎች አልኬኖን የሚባል ቅባት ይሠራሉ፤ ውሃው ሲሞቅ አንዱ ዓይነት፣ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይበዛል። ቅባቱ በጭቃው ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ስለሚቆይ፣ የሁለቱን መጠን በማነጻጸር የዚያን ዘመን የውሃ ሙቀት ማስላት ይቻላል። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ቅርፊት አላቸው። ውሃው በሞቀ ቁጥር በቅርፊቱ ውስጥ የሚገባው ማግኒዚየም ይጨምራል። በዚያው ጭቃ ውስጥ ነፋስ ከየብስ ያመጣው የቅጠል ሰም ስላለ፣ የዝናቡም ታሪክ አብሮ ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ኮንራድ የተባለች የአሜሪካ የምርምር መርከብ ከባሕረ ሰላጤው ደለል አውጥታ ነበር። ጄሲካ ቲየርኒና ፒተር ደሜኖካልም ከባሕረ ሰላጤው የወጣ ደለል መርምረው በ2013 ውጤቱን አሳተሙ። አካባቢው በአንድ ዘመን ከዛሬው እጅግ እርጥብ እንደነበረ፣ ያ ዘመንም ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ እንዳበቃ አሳዩ። በሐርጌሳና በበርበራ መካከል በላስ ጌል ዓለት ላይ የተሳሉት ላሞችም፣ ዛሬ ግመልና ፍየል በሚበዙበት አገር ጥንት የከብት መንጋ እንደነበረ ይመሰክራሉ።

በ2015 የወጣው ጥናት ደግሞ ወደ እኛ ዘመን ይቀርባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአፍሪካ ቀንድ የደረቀበት ፍጥነት በ2,000 ዓመት ውስጥ ያልተለመደ ነው፤ ከምድር ሙቀት መጨመር ጋርም አብሮ ሄዷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። አብዛኞቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች የአፍሪካ ቀንድ ወደፊት የበለጠ ዝናብ እንደሚያገኝ ይተነብያሉ። ጭማሪው ግን በዋናነት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ወቅት ነው፤ ይህም የክልሉን ደቡብ የሚያረሰርሰው የዴይር ጊዜ ነው። ጅግጅጋና የሰሜኑ ከተሞች በአመዛኙ የሚኖሩት በጉና በክረምቱ የካራን ዝናብ ነው። ተመራማሪዎቹ ያስጠነቀቁት ደግሞ ድርቀቱ በተለይ በጉ ወቅት ሊብስ እንደሚችል ነው። ስለዚህ «ወደፊት ዝናቡ ይጨምራል» የሚለውን ዜና ሲሰሙ «በየትኛው ወቅት?» ብለው ይጠይቁ።

ቤተሰብ የባሕሩን ሙቀት ማብረድ አይችልም፤ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ግን መያዝ ይችላል። አሸንዳው የተቃና ይሁን፤ ሮቶው ከጉ በፊት ይታጠብ፤ የግቢው ቢርካ ስንጥቅ ካለው ይደፈን። ልጆችም ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ዘንድሮ ጥሩ ዘነበ ተብሎ የአሸንዳ ጥገና ለከርሞ አይተላለፍም።