ፍሬን ሲታመም

በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚጓዘው ብዙ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ብቻ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከኋላ የተቀመጡት እናትና ልጆች ለሾፌሩ አማና ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን የፍሬን ሕመም እንዴት እንደሚታወቅና በቤት ምን ሊደረግ እንደሚችል እንመለከታለን።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል ብዙ ሰው ሞልቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ በጥቂት ቀናት ከጎደለ ግን የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። እየሞሉ መንዳት በሽታውን መደበቅ እንጂ ማከም አይደለም።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ብዙውን ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ረግጠን እንደያዝነው ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰጠመ፣ ዘይት ይፈሳል ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ውስጡ ተበልቷል። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሰርቮውን እንመርምር። ሞተሩን አጥፍተን ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እንረግጣለን፤ ከዚያም እንደረገጥን ሞተሩን እናስነሳለን። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከወረደ ሰርቮው እየሠራ ነው። ፉጨት የሸራ ማለቅን ሊጠቁም ይችላል፤ ብረት ከብረት የመፋጨት ድምፅ ከተሰማ ግን መኪናው መቆም አለበት።

ሸራውን በቤት ማየት ይቻላል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመን፣ መሬት የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፈን በክሪክ እናነሳለን። ክሪክን ብቻ አምኖ ከሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። የዲስኩ ሸራ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ የግራውም የቀኙም አብሮ ይቀየር። ከጎማው ጀርባ እርጥበት ካለ ዘይት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ሸራ ብናኝ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ዘይቱ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። የሞተር ዘይት በፍጹም አይጨመር፤ የፓምፑን ጎሚኒዎች ያሳብጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ እንውረድ።

ማየት፣ ማዳመጥና መለካት የባለቤቱ ሥራ ነው። የሚያፈስ ቱቦ፣ የተበላ ፓምፕና አየር የገባበት መስመር ግን ለባለሙያ ይተው፤ መኪናውም ወደ ጋራዥ ተጎትቶ ይሂድ። የጉዞው ቀን ቢደርስም እንኳ ፍሬኑ ሳይሠራ ቤተሰብ አይሳፈር። ዘመድ አንድ ቀን ቢጠብቅ ምንም አይጎዳም።